«እኔ ምንም አልሆንኩም»፦ ሕመማቸውን በማያውቁ የመርሳት ሕሙማን ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ምን ሆኜ ነው ሐኪም ቤት የምትወስዱኝ?» የመርሳት በሽታ የገባበት ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አባት የሰፈራቸው መንገድ ጠፍቷቸው ጎረቤት እጃቸውን ይዞ ያመጣቸው ትናንት ነው፤ ዛሬ ሲነገራቸው ግን ይቆጣሉ። እናት ወጡ ላይ ጨው ደጋግመው ጨምረው «ማነው ያበላሸው?» ይላሉ። ልጆች መጀመሪያ ያስረዳሉ፣ ቀጥለው ይለምናሉ፣ በመጨረሻ ይጮሃሉ። ከጩኸቱ በኋላ የሚተርፋቸው ጸጸት ብቻ ነው፤ ታማሚው አንዱንም ነገር አላመኑም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ነበረባቸው። ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እንደ አዲስ ይታመማሉ። ብዙዎቹ መታመማቸውን በከፊል ብቻ ያውቃሉ ወይም ፈጽሞ አያውቁም። ከመርሳቱ ይበልጥ ቤተሰብን የሚያደክመው ይህ አለማወቅ ይመስለኛል። የረሳን ሰው ማስታወስ ይቻላል፤ መርሳቱን የማያውቅን ሰው ላስታውስህ ማለት ግን ጠብ መጀመር ነው። በየቤታችን ስለዚህ ነገር የሚባለውን አንድ በአንድ እያነሳሁ እውነቱን ልናገር።

«እያወቀ ነው የሚክደው»

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። አንድ ሰው ዓይናችን እያየ የሠራውን «አልሠራሁም» ሲል ወይ ዋሽቷል ወይ ኀፍረቱን እየሸፈነ ነው ብለን እንገምታለን። ለጤነኛ ሰው ግምቱ ሊሠራ ይችላል። በአንጎል ሕመም ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሐኪሞች አኖሶግኖሲያ ይሉታል። ሰውየው ሕመሙን እየካደ አይደለም፤ ሕመሙ አይታየውም።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከ1900 ዓመታት በፊት ለወዳጁ ለሉኪሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ሐርፓስቴ የምትባል በቤቱ ትኖር የነበረች ሴት ያነሳል። ዓይኗ በድንገት ጠፋ፤ መታወሯን ግን አላወቀችም። ቤቱ ጨለማ ነው እያለች ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውሯት ትለምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ኦስትሪያዊው ሐኪም ጋብርኤል አንቶን በአንጎል ጉዳት ምክንያት ማየት ተስኗቸው ሳለ መታወራቸውን ስለማያውቁ ሕሙማን ጻፈ። በ1914 ደግሞ ጆዜፍ ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ምንም እንዳልሆኑ የሚናገሩ ሰዎችን ለባልደረቦቹ አቀረበ፤ አኖሶግኖሲያ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዳቸውም አልዋሹም።

በአልዛይመርና በመሰሎቹ በሽታዎች የሚደርሰው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ጉድለትን የሚመዝነው ሚዛን ራሱ ተሰብሯል። ራስን በመታዘብ ሥራ የአንጎል የፊት ክፍል፣ በተለይም የቀኙ ወገን፣ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እሱ ሲጎዳ ሰው የራሱን ስህተት አይቶ «ተሳሳትኩ» ማለት ያቅተዋል። ሌላም ምክንያት አለ። ስለ ራሳችን የምናውቀው በየጊዜው ይታደሳል። ትናንት ቁልፍ ጠፋብኝ፣ ባለፈው ሳምንት የሰው ስም ረሳሁ እያልን ለራሳችን ያለንን ግምት እናስተካክላለን። አዲስ ትዝታ መያዝ ያቃተው አንጎል ስህተቶቹንም አይዛቸውም፤ ስለዚህ ግምቱ ባለበት ይቀራል። ዳንኤል ሞግራቢ፣ ሪቻርድ ብራውንና ሮቢን ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሁኔታ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ማንነት ብለውታል። ጡረታ የወጡት መምህር ዛሬም ማስተማር የሚችሉ ይመስላቸዋል፤ ሹፌር የነበሩትም አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር በመኪና እንደሚያውቋት ይምላሉ። ስለ ራሳቸው ያላቸው ዕውቀት ደህና በነበሩበት ዘመን ላይ ቆሟል።

ሁሉም ሕሙማን ግን እንዲህ አይደሉም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮናልድ ሬገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1994 ለአገራቸው ሕዝብ በጻፉት ደብዳቤ አልዛይመር እንደያዛቸው የገለጹት ራሳቸው ናቸው። በበሽታው መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ያውቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ብቻቸውን ያለቅሳሉ፤ አውቀው የሚሸሽጉም አሉ። ፍሮንቶቴምፖራል በሚባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ደግሞ ራስን መታዘብ ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ ይጠፋል። አንዱ ሰው ራሱ የሰው ስም እንደሚረሳ አምኖ መኪና መንዳት እንደማይችል ግን ላያምን ይችላል። ጠዋት ያመነውን ማታ ሊቃወም ይችላል። ቤተሰብን «ትናንት አምኖ አልነበር? ዛሬ ሊያበሽቀኝ ነው» የሚያሰኘው ይህ መለዋወጥ ነው። አዎ፣ ትናንት አምኖ ነበር። ዛሬ ግን ያመነበትም፣ ያመነበት ምክንያትም ከእሱ ጋር የለም።

«ማስረጃ ብናሳያቸው ያምናሉ»

ብዙ ልጆች በስልካቸው ይቀርጻሉ። ያረረውን ድስት ሳያጥቡ ያቆያሉ። የሐኪሙን ወረቀት ጮክ ብለው ያነባሉ። አባት ግን ለሁሉም መልስ አላቸው፦ «ያን ቀን አሞኝ ነበር»፣ «ድስቱን ያሳረረችው ልጅቷ ናት»፣ «ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?»። መልሱ ከተንኮል የመጣ አይደለም። አንጎል ትዝታው ውስጥ ክፍተት ሲያገኝ በሚመስለው ነገር ይሞላዋል፤ ሰውየውም የሞላውን እውነት አድርጎ ያምነዋል። በዚህ ላይ ማስረጃ መደርደር በልጆች ፊት የመዋረድ ያህል ይሰማቸዋል። ክርክሩን ቢረሱትም ቅሬታው ይቆያል፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ዣቪዬር አማዶር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። ወንድሙ ስኪዞፍሬኒያ ይዞት «አልታመምኩም» ይለው ነበር፤ አማዶርም ለዓመታት ተከራከረው። ክርክሩ ሁለቱን ከማቆራረጥ በቀር ምንም እንዳልጠቀመ ሲያይ ሌላ መንገድ ቀየሰ፦ መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ስሜቱን መጋራት፣ በሚያስማማው ነገር መስማማት፣ ከዚያ አብሮ መሥራት። መንገዱ የተቀየሰው ለሌላ ሕመም ቢሆንም መርሆው ለመርሳት ሕሙማንም ይጠቅማል። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የመርሳት ታማሚ የተስማማበትን ራሱ ይረሳዋል። ስለዚህ ስምምነት በየቀኑ፣ አንዳንዴም በየሰዓቱ አዲስ ነው። «ተስማምተን አልነበር?» የሚለው ጥያቄ ከቤት መውጣት አለበት።

በተግባር ሲሆን «መድኃኒትዎን ረስተዋል» በማለት ፈንታ «አባዬ፣ የግፊቱ መድኃኒት ይኸው፣ ከሻይዎ ጋር ይዋጡት» ይባላል። «ምድጃ አጠገብ እንዳይደርሱ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ሌሊት ሌሊት የጋዙን ሲሊንደር መዝጋት፣ ቀን ደግሞ ሽንኩርት መላጡንና ምስር መልቀሙን አብሮ መሥራት ይሻላል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይቀር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ጋዝ ባይታይም ባይሸትም ይገድላል፣ የመርሳት ታማሚም ራስ ምታቱ የአደጋ ምልክት መሆኑን ላያስተውል ይችላል። የስኳር መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ጠርሙሱ ታማሚው እጅ አይቆይም፤ የዕለቱ ብቻ ይሰጣል። መኪናን በተመለከተ «አትችልም» የሚለው ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ጦርነት ነው። ከሐኪም ሲመጣ፣ በተለይ በወረቀት ተጽፎ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። በሕመሙ ያላመነ ሰው በሐኪም ትእዛዝ ሊያምን ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅም በዚህ መንገድ ከዳኝነት ወርዶ ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ሰረቀችኝ ካሉ አንድ ነገር ቢኖር ነው»

እናት ወርቃቸውን ወይም የእቁብ ገንዘባቸውን ሌባ እንዳያገኘው ብለው ይሸጉጡታል። የሸጎጡበትን ይረሳሉ። መርሳታቸውን ደግሞ አያውቁም። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነን እናስብ። ወርቁ ቦታው የለም። እኔ አላነሳሁትም። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለችው አንዲት ሰው ናት። ታዲያ ማን ወሰደው? የደረሱበት ድምዳሜ ማንኛችንም የምንደርስበት ነው። የጎደለው «ረስቼው ይሆናል» የሚለው አንድ መነሻ ብቻ ነው፤ በሽታው የወሰደባቸውም ያንኑ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘበት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመራት አውጉስተ ዴተር የ51 ዓመት ሴት ነበረች። ገና በመጀመሪያ ከታዩባት ምልክቶች አንዱ ባሏን ከሌላ ሴት ጋር መጠርጠሯ ነበር። አልዛይመር የእሷን ታሪክ በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርብ መርሳቷን ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬዋንም አንስቷል። ጥርጣሬ ከበሽታው ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የታማሚው ክፋት ወይም የቆየ ቂም አይደለም።

ክሱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቅርብ ሰው ላይ ነው። የምታጥባቸው ልጅ፣ ምራት፣ የቤት ሠራተኛ። በእኛ ቤቶች ከሁሉም ከባዱን ዋጋ የምትከፍለው ሠራተኛዋ ናት። ከገጠር የመጣች፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላት ልጅ በአንድ ማታ ወሬ ከነሻንጣዋ ልትባረር ወይም ጣቢያ ልትወሰድ ትችላለች። ወርቁ በኋላ ከጤፍ ዕቃ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ስሟን የሚመልስላት የለም። ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ የማይገባ በደል ነው። የመርሳት ታማሚ ላለበት ቤት ሰው የሚቀጥር ቤተሰብ ገና በመጀመሪያው ቀን «እማማ ዕቃ ሲጠፋባቸው አንቺን ሊጠረጥሩ ይችላሉ፤ በሽታው ነው፣ እኛ እናውቃለን» ብሎ ሊነግራት ይገባል። ውዱ ዕቃ በፎቶ ተመዝግቦ ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ለሁሉም ሰላም ነው። እርግጥ ነው፣ የታመመን ሰው የሚሰርቅም አይጠፋም፤ ምዝገባው የሚያስፈልገው ለዚያም ጭምር ነው። ክሱ እውነት ሲሆን ይለያል፣ ሐሰት ሲሆን ደግሞ ንጹሕ ሰው አይጎዳም።

«ሰረቁኝ» ሲሉ «ማንም አልነካብዎትም» ማለት እሳት ያነዳል። «ወርቅዎ ጠፋ? ኧረ ያበሳጫል፤ ኑ አብረን እንፈልግ» ማለት ግን የሚያምኑት ሰው ከጎናቸው ያቆማል። መሸጎጫቸውን ያወቀ ሰውም ዕቃውን ራሳቸው እንዲያገኙት ወደዚያ ይመራቸዋል። «ይኸው፣ ሰው ከሰሱ እኮ!» የሚለውን መዋጥ ነው። ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ በቂ ነው።

«በስልክ ሳናግራቸው ደህና ናቸው»

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ርቆ ያለው ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ሆኖ ቅዳሜ ይደውላል። አባት በሙሉ ድምፅ ይመልሳሉ፦ እንዴት ነህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን። ልጁ ስልኩን ዘግቶ እቤት ላለችው እህቱ «አንቺ ታጋንኛለሽ» ይላታል።

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ውብም ነው። ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ስለሆነ ግን አዲስ ትዝታ አይፈልግም። ትናንት ምን እንደበሉ የማያውቁ ሰው ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ሰላም ሊሉና ሊመርቁ ይችላሉ። የመተዋወቅና የመከባበር ወግ ከብዙ የአእምሮ ችሎታዎች በኋላ የሚጠፋ ነው። እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ ታማሚው ያለ የሌለ ኃይላቸውን ሰብስበው ለአንድ ሰዓት ደህና ይሆናሉ፣ እንግዳው ሲወጣ ይዝላሉ፣ ይበሳጫሉ፣ ሌሊቱን አይተኙም። ያን ሌሊት የምታየው አብራቸው ያለችው ብቻ ናት።

ሐኪም ፊትም ይኸው ይደገማል። አጭር ምርመራ ጨዋታ አዋቂ የሆነን ታማሚ ላያጋልጠው ይችላል። በተቃራኒው የማስታወስ መመዘኛ ጥያቄዎች ትምህርት ያላገኘን ጤነኛ ሰው እንደ ታመመ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ራሱን ታማሚውን ጠይቀው የቅርብ ሰውንም ይጠይቃሉ፤ ሁለቱ መልሶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ማየት አለማወቁን ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ርቆ ያለ ልጅ ለመፍረድ ከቸኮለ መጀመሪያ ለእረፍት ሲመጣ ሆቴል ሳይሆን እዚያው ቤት፣ ያውም እሳቸው በሚተኙበት ክፍል ይደር።

«መዋሸት ነውር ነው፣ እውነቱን መስማት አለባቸው»

ይህ አመለካከት የሚመጣው ከጥሩ ቦታ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ላንሳው። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውበታል፦ የሕመሙን ስም መንገርና በየቀኑ የሚነሳውን ስህተት ማረም።

የሕመሙን ስም በተመለከተ ብዙ ቤተሰቦቻችን ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ሐኪሙን ጎን ጠርተው «ለእሳቸው እንዳትነግራቸው» ይላሉ። ይህም ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ገና በመጀመሪያ ላይ ያለ ሰው የራሱን ነገር የማወቅ መብት አለው፤ ንብረቱን ሊያስተካክል፣ ማን እንዲያስታምመው እንደሚፈልግ ሊናገር፣ ኑዛዜውን ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ፊት፣ በቀስታ፣ ለመስማት የሚፈልጉትን ያህል ይነገራቸው። ካመኑት መልካም ነው። ካላመኑት ወይም ከረሱት ግን በየሳምንቱ «አልዛይመር አለብዎት» እያሉ መደጋገም ጭካኔ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በክብር ተነግሯቸዋል፤ ግዴታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው የበለጠ ልብ ይነካል። የሰማንያ ዓመት እናት ማታ ማታ «እናቴ የት ሄደች? መሸ እኮ» ይላሉ። ልጅ «እማዬ፣ አያቴ እኮ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው» ትላለች። እናት መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማሉ፣ ያለቅሳሉ። ነገ ማታ እንደገና ይጠይቃሉ፤ እንደገና ይረዳሉ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎሕ ሳይቀድ ይኬዳል፣ ወዳጅ ይሰበሰባል። መንገደኛ አገሩ እስኪገባ፣ አራስ እስክትጠና፣ የታመመ እስኪያገግም ይደበቃል። ይህን ያደረጉ አባቶቻችንን ውሸታሞች አላልናቸውም፤ ሐዘን የሚሸከም ትከሻ በሌለበት ሰዓት ሐዘን አይጫንም ብለው ነው። መርዶውን ይዞ ማቆየት ለማይችል፣ እርምም ለማያወጣ ሰው በየማታው መርዶ መንገር ከዚህ ወግ ጋር አይሄድም። «እናትዎ ናፈቁዎት? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ቡናቸው እንዴት ነበር?» ቢባሉ ያወራሉ፤ በወሬው ውስጥ የሚፈልጉትን መጽናናት ያገኛሉ። እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ጥያቄያቸው የናፍቆት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለናፍቆቱ ነው።

«ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉም እንዲሁ ነው። ያሉት ቤታቸው ውስጥ ሆኖ ሳለ «ቤትዎ እኮ ይኸው ነው» መባሉ አይጠቅማቸውም። ስለ ልጅነት ቤታቸው እየጠየቁ በግቢው ውስጥ ትንሽ አብሮ መሄድ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል። ወጥተው እንዳይጠፉ ግን ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ ያለበት ነገር፣ የእጅ አምባር ወይም ልብሳቸው ላይ የተሰፋ ጨርቅ፣ አብሯቸው ይኑር። ለሰፈር ጥበቃና ለባለ ሱቅም መንገር አያሳፍርም።

«ስለማያውቁ አይሰማቸውም»

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 17 የአልዛይመር ሕሙማንንና 17 ጤነኛ ሰዎችን የሚያሳዝንና የሚያስደስት ፊልም አሳዩ። ሕሙማኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለ ፊልሙ ያስታወሱት በጣም ጥቂት ነበር፤ አንዳንዶቹ ፊልም ማየታቸውንም ረስተዋል። ሐዘኑና ደስታው ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላም ቆየ። እንዲያውም ያየውን ይበልጥ የረሳው ሰው ሐዘኑ ይበልጥ ቆየበት።

ከላይ ክርክር ይረሳል፣ ቅሬታው ግን ይቆያል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት የተጮኸባቸው አባት ከሰዓት በኋላ ምሳ አልበላም ሲሉ፣ ምክንያቱን እሳቸውም አያውቁትም። ልብስ አልቀይርም ብለው ገላቸውን ያጠበቻቸውን ልጅ ሲገፏት ቤተሰቡ «ያለ ምክንያት» ይላል። ምክንያቱ ነበር፤ የጠፋው ትዝታው ብቻ ነው። ደግነቱም እንደዚሁ ይቆያል። ልጃቸው መጥታ እንደነበር የረሱ እናት ልጃቸው ከሄደች በኋላ ለረጅም ሰዓት ፊታቸው ፈክቶ ሊቆይ ይችላል። «ብሄድም አያስታውሱኝም» ብሎ መቅረት ስለዚህ ልክ አይደለም።

አለማወቁ አንዳንድ ጊዜ ለታማሚው እረፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ሕመማቸውን ከሚያውቁት ይልቅ የማያውቁት በድብርት የመጠቃታቸው ዕድል እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሸክሙ ግን አይጠፋም፤ ወደ አስታማሚው ይዛወራል። አደጋውን የምትታዘበው፣ የምትሰጋው፣ የምትሰደበውም እሷ ናት።

«ካላወቁ ምን ይጠየቃሉ?»

ሕመሙን አለማወቅና ምንም ነገር መወሰን አለመቻል አንድ አይደሉም። የባንክ ሒሳባቸውን ማስተዳደር ያቃታቸው ሰው የትኛውን ነጠላ እንደሚለብሱ፣ ቅዳሜ የት እንደሚሳለሙ፣ ማን አጠገባቸው ቢቀመጥ ደስ እንደሚላቸው ያውቃሉ። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ2005 የአእምሮ ችሎታ ሕግ ችሎታ የሚመዘነው ለእያንዳንዱ ውሳኔ በየራሱ እንዲሆን ያዛል፤ አቅም የለውም እስኪባል ድረስ ሰው አቅም እንዳለው ይቆጠራል። ሕጉ ባይኖርም መርሁ ለየትኛውም ቤት ይበጃል።

በኢትዮጵያ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ነገሩ ከተባባሰ በኋላ የሚደረግ ፊርማ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት የሚያቆም ችግር። ገና ሲያውቁና ሲረዱ ከሕግ ባለሙያ ጋር መነጋገር ይሻላል።

«እርጅና ነው፤ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

መጃጀት የእርጅና ዕጣ ነው የሚለውን ብዙ ሰው ያምናል። ዲሜንሺያ ግን በሽታ ነው። ብዙ ሰዎች ዘጠና ዓመት ደርሰውም አእምሯቸው ሙሉ ነው። ከዚህም በላይ መርሳት የሚያመጡ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ድብርት፣ በአንጎል ሽፋን ሥር ያለ የደም መቋጠር፣ የመድኃኒቶች ጉዳት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። የመስማት ችግርም መርሳት ሊመስል ይችላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ ግራ መጋባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም።

«አልሄድም» ያሉትን ሰው እንዴት እንውሰዳቸው? «ለመርሳትዎ» ሳይባል ለግፊት፣ ለዓይን፣ ለጉልበት ሕመማቸው መሄድ ይቻላል፤ ያም ቢሆን እውነተኛ ምርመራ ነው። የታየውን ነገር ሁሉ፣ መቼ እንደጀመረና ምን እንደተለወጠ፣ በወረቀት ጽፎ አስቀድሞ ለሐኪሙ መስጠት እሳቸው ፊት ከመክሰስ ያድናል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ መሄድም ይጠቅማል። ጸበል የሚሄድ ጸበሉን፣ ሩቅያ የሚያስቀራ ሩቅያውን አይተው፤ ምርመራው ከሁለቱም ጋር አይጣላም።

መድኃኒትን በተመለከተ ሦስት ነገር ብቻ ልበል። ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ለአንዳንድ ሕሙማን የተወሰነ ጥቅም አላቸው፤ «ታምሜያለሁ» የሚለውን ዕውቀት ግን አይመልሱም። ሁለተኛ፣ ለማረጋጋት ተብሎ የሚሰጠው የአእምሮ መድኃኒት ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አዲሶቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል፤ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ለቀድሞዎቹም አስፍቶታል። ያለ ሐኪም ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት አይገባም። ሦስተኛ፣ ኪኒን ፈጭቶ ወጥ ውስጥ መደበቅ ከሐኪም ጋር ካልተመከረ አደገኛ ነው፤ ሲፈጩ ኃይላቸውን በአንድ ጊዜ የሚለቁ ኪኒኖች አሉ።

ውጭ አገር ለሚያስታምሙ ደግሞ፦ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። በእስራኤል ዕብራይስጥ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይናገሩ የነበሩ አረጋዊ ወደ አማርኛቸው ብቻ ሊመለሱ ይችላሉ። በማይገባቸው ቋንቋ ሲናገሯቸው ዝም ቢሉ ከበሽታው መባባስ ጋር ላይገናኝ ይችላልና አማርኛ የሚችል አስታማሚ ወይም አስተርጓሚ ጠይቁ። በአሜሪካ የአልዛይመርስ አሶሲዬሽን የስልክ መስመር፣ 1-800-272-3900፣ ሌት ተቀን በነፃ ይሠራል፤ ከ200 በላይ ቋንቋዎች በአስተርጓሚ ያስተናግዳል።

አገር ቤት ያለችው አስታማሚ ግን እንዲህ ዓይነት ስልክ ላይኖራት ይችላል። ያላት እናንተ ናችሁ፣ ወንድሞቿና እህቶቿ። ገንዘብ የምትልኩ ቀጥሉ፤ ከገንዘቡ ጋር ግን እሷን የሚተካ ሰው ለሳምንት አንድ ቀን ቅጠሩላት፣ ለእረፍት ስትመጡ ሌሊቱን ተረከቧት። ስትደውሉም መጀመሪያ «አባዬ እንዴት ናቸው?» ሳይሆን «አንቺ ተኝተሻል?» ብላችሁ ጠይቋት።